ኑግ የጠጣው መንታ አፈሙዝ

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ጫልቱ የልብስ ስፌት መኪናዬን መለሰችልኝ። መጋረጃ ልትሰፋበት ነበር የወሰደችው። ጫልቱ ከነቀምት መጥታ እዚህ ባሕር ዳር ኮሌጅ የምታስተምር፣ ትሕትናዋ የማያልቅ ሴት ናት፤ ዓባይ ማዶ ከገባች ጀምሮ አጥር ለአጥር ነን። መኪናውን ጠረጴዛዬ ላይ ስታስቀምጠው ጥቁሩ ብረት እንደ አዲስ ጫማ ያብለጨልጫል።

«እማማ ጥሩ፣ ደርቆ ሲንጫጫ አሳዘነኝና ዘይት አጠጣሁልዎት» አለችኝ። «ከአገር ቤት የመጣ ንጹሕ ኑግ ነው። በየቀዳዳው ነው ያንጠባጠብኩለት።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኋት።

ሌላ ምን እላለሁ? ዛሬ ጠዋት የትራስ ልብስ ልጠቅም ብዬ መዘውሩን ብገፋው አልዞር አለ። ደግሜ ገፋሁት፤ አሁንም የለም። የሚያዝያ ሙቀት ኑጉን አድርቆት፣ ጣቴን በብረቱ ላይ ባሳርፍ እንደ ሙጫ ይዞ አስቀረው። ጣቴን አላቅቄ አሸተትሁት። ለሌላው ሰው ኑግ የጾም ወጥ ይሸታል። ለእኔ ጠመንጃ ነው የሚሸተኝ። ዕድሜዬ እዚህ ደርሶ እንኳ፣ ሲሸተኝ ጥርሴን እነክሳለሁ።

ያኔ ቤታችን ዓባይ ከጣና ከሚወጣበት ብዙም ሳይርቅ፣ ከድልድዩ ወዲህ ነበር። አሁን ባጃጅ የሚተራመስበት፣ የሲሚንቶና የሞባይል ሱቅ የተደረደረበት ይህ ሰፈር በሙሉ እርሻ ነበር፤ የእኛም ማሳ ከጓሯችን ተነሥቶ እስከ ውኃው ዳር ደንገል ድረስ ይወርዳል። እናቴ ሞታለች። እኔ በልጅነቴ ተድሬ፣ ትዳሩ አልሆን ብሎኝ ተመልሼ፣ ከአባቴ ጋር ሁለታችን ብቻ ነን። ፊደል በደብሩ ግቢ ከወንዶቹ ጀርባ ተቀምጬ ለቅሜ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የሳሙና መጠቅለያም፣ ስኳር የመጣበት ወረቀትም ሳላነብ አልጥልም። የምመኘው አንድ ነገር ነው፤ ድልድዩን ተሻግሬ ከተማ ገብቼ መማር። እኩዮቼ ልጅ አዝለዋል፤ እኔ አንደኛ ክፍል መግባት አምሮኛል።

አባቴ አልከለከሉኝም። ነገሩን ግን እንዲህ አድርገው አስቀመጡት።

«በቆሎው ከደረሰልን፣ የሚያግዘኝ ሰው በእህል እቀጥራለሁ። ያኔ አንቺ ትሄጃለሽ። ካልደረሰ ግን በምን እቀጥራለሁ? ብቻዬንስ በዚህ እጄ ምን አርሳለሁ?»

እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ፍርዱም ትክክል ነው። በእኔና በተማሪ ቤት መካከል የቆመው እንግዲህ ጉማሬ ነበር።

ጉማሬው አንድ ነው። ጆሮው የተቀደደ፣ ትልቅ፣ ምንም የማያስቸኩለው። በጨለማ ከውኃው ይወጣል፣ ደንገሉን ሰንጥቆ በሠራት ጎዳናው ወደ ማሳችን ይገባል፣ እየበላም እየረገጠም ያነጋል፣ ጎሕ ሲቀድ በዚያችው ጎዳና ይመለሳል። ቆርቆሮ ደበደብን፣ እሳት አነደድን፣ ጮኽን። መጀመሪያ ሰሞን ይደነግጥ ነበር። ኋላ ለመደው፤ ቆርቆሮውን እየሰማ ያኝካል። ያለፈውን ዓመት በቆሎ እንደዚያ አድርጎ ጨርሶታል።

አባቴ ከወረዳው አስፈቅደው ጠመንጃ መፈለግ ጀመሩ። በመጨረሻ ከተማ ውስጥ ባሻ ተገኘ የሚባሉ፣ ዕድሜያቸውን በአደን የጨረሱ ሽማግሌ፣ ዓይናቸው ስለ ደከመ መንታ አፈሙዛቸውን ሊሸጡ ነው ሲባል ሰማን። የጊደራችንን ዋጋ ይዘን ሄድን።

ሁለት አፈሙዝ ጎን ለጎን፣ ከላይ እንደ ጆሮ የቆሙ ሁለት መምቻዎች፣ ከታች ሁለት ቃታ። ጥይቱ የአውራ ጣት ያህላል። ሰደፉ አንገቱ ላይ አንድ ጊዜ ተሰብሮ በሽቦ ተጠምጥሟል፤ ሽቦው ግን ክር በክር ተጠጋግቶ፣ እንደ ጥሩ ጥልፍ ያምራል። ያ ሽቦ ነው ልቤን የወሰደው። የተሰበረን ነገር እንደዚያ የሚጠግን ሰው ዋዛ አይደለም አልሁ በልቤ።

«አያያዙን ለማን ላስረዳ?» አሉ ባሻ።

አባቴ ወደ እኔ አመለከቱ። «ለእሷ ነው። የእኔ እጅ እንደምታዩት ነው። እሷ ደግሞ አንድ ነገር ከቦታው ዝንፍ ካለ እንቅልፍ አይወስዳትም።»

ባሻ ከእግር እስከ ራስ አዩኝ። «ሴት ልጅ ናት እኮ» አሉ። ከዚያ ትከሻቸውን ነቅንቀው ጀመሩ። ከተተኮሰ በኋላ የፈላ ውኃ በሁለቱም አፈሙዝ ይፈስሳል፤ ደረቅ ጨርቅ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ይመላለሳል፤ ከዚያ የስፌት መኪና ዘይት፣ እሱም በዶሮ ላባ ጫፍ። «የጠገበ ጠመንጃ ይታመማል» አሉኝ። «ጠብታ ብቻ። ስታስቀምጪውም አፈሙዙን ወደ ታች። አለዚያ ዘይቱ ወደ ኋላ ወርዶ እንጨቱን ያበሰብሳል።»

እንዳሉት አደረግሁ። ገበያው ዳር ካለው ልብስ ሰፊ ዘይት በትንሽ ብልቃጥ እያስቀዳሁ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጠመንጃውን ጉልበቴ ላይ አስተኝቼ እወለውላለሁ። መምቻዎቹን በአውራ ጣቴ ወደ ኋላ ስስባቸው የሚሰጡትን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ጥርት ያለ፣ አጭር። የሚገባበትን የሚያውቅ ቁልፍ እንደሚሰጠው ዓይነት ድምፅ።

ችግሩ ጠመንጃው አልነበረም። ሰዉ ነው።

መጀመሪያ አቀማመጡ አላስማማንም። እኛ አገር ጠመንጃ የሚዘቀዘቀው ለለቅሶ ነው። ወደ ቤታችን የገባ ሁሉ ጥግ ላይ አፈሙዙ ወደ ታች የቆመውን ሲያይ ያማትባል። «በስመ አብ! ማን ሞቶባችሁ ነው?» ይልና አንሥቶ ያቃናዋል። እንግዳው ሲወጣ እመልሰዋለሁ። ሌላው ይመጣና ያቃናዋል። ስለ ዘይቱና ስለ እንጨቱ ለማስረዳት ሞክሬ ነበር። «ይሁን፣ ግን ገድ አይደለም» ይሉኛል፤ አሁንም ያቃኑታል።

ውሰቱ ግን ከዚህ ሁሉ ይብሳል። መንታ አፈሙዝ በአካባቢው ብርቅ ነው፤ ድምፁም ማዶ ለማዶ ያስተጋባል። ሠርግ በመጣ ቁጥር አንድ ዘመድ በር ላይ ቆሞ ነጠላውን ያስተካክላል። አባቴ እንቢ ማለት አይሆንላቸውም።

«አባባ፣ ጥይቱ እኮ የጉማሬው ነው» እላለሁ።

«የሰው ደስታ ነው፣ ጥሩዬ። ምን ብዬ ልከልክል?»

የዚያ ጠመንጃ ጥይት እንደ ሌላው በገበያ አይገኝም፤ ባሻ ከሰጡን በቀር ሌላ የለንም። እሱም በሙሽራና በሚዜ ራስ ላይ ወደ ሰማይ እየሄደ ያልቃል። በዚያ ላይ የተዋሱትን ዕቃ ባዶውን መመለስ ነውር ነው። ሞሰብ ቆሎ ተደርጎበት ይመለሳል፤ ማሰሮም ቢሆን አንድ ነገር ይዞ ነው የሚመጣ። ጠመንጃ ላይ ምን ይደረጋል? ይቀባል። አንዷ የሙሽራ እናት ለጋ ቅቤ ለቅልቃ ላከችልኝ፤ በማግሥቱ አይጥ የማንገቻውን ጠፍር በልቶት አደረ። ጠፍሩን ቀየርሁ፤ ቅቤውን ጠረግሁ። አባቴ ለሴትዮዋ ምስጋና ላኩ።

ከሁሉ የባሰው አያ ጎበዜ ነበር። የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ በዕድሜ ከእኔ ብዙ ስለማይርቅ አንተ ነበር የምለው። ጢስ ዓባይ አካባቢ ያርሳል። ጨዋታ አዋቂ፣ ለጋስ፣ ተኩስ ወዳድ። ግንቦት ላይ ለሚስቱ ወንድም ሠርግ ብሎ ጠመንጃውን ወሰደ። «በሳምንቱ እመልሰዋለሁ» አለ። ከሠርጉ ወደ መልሱ፣ ከመልሱ ወደ አንድ የሩቅ ዘመድ ተዝካር ዞረ። ከዚያ ዝናቡ ገባ፣ መንገዱ ጭቃ ሆነ፣ ጠመንጃው ክረምቱን እዚያው ከረመ። የት እንዳስቀመጠው ኋላ ነው የሰማሁት። ርጥበት እንዳይነካው ብሎ ከምድጃው በላይ ሰቅሎት ኖሯል።

እኛ በቆሎ እንኮተኩታለን። የዚያ ዓመት በቆሎ እንዴት ያለ ነበር! ከአባቴ ራስ በላይ ወጣ። ነሐሴ ላይ ጸጉሩ ቀላ። በማሳው መካከል ስሄድ ቅጠሉ ፊቴን እየቧጨረኝ፣ በልቤ ደብተርና እርሳስ እገዛ ነበር። እሸቱ መሙላት ሲጀምር ጆሮ ቀዳዳው ጉማሬም ቀጠሮውን አክብሮ መጣ። በየጠዋቱ አዲስ ጎዳና ተረግጦ እናገኛለን። ወደ ጢስ ዓባይ በመጣ በሄደው ሰው ላክን፤ «መንገዱ ትንሽ ይጠጥር» የሚል መልስ መጣ። እንደገና ላክን። መልሱ ያው ነው።

አያ ጎበዜ መስከረም ውስጥ፣ መስቀል ሊደርስ ሲል፣ አመሻሹ ላይ ከች አለ። ጭቃ እስከ ጉልበቱ፣ ጠመንጃው በትከሻው። ጠመንጃው ከሩቅ ያብረቀርቃል። ስቀበለው ከእጄ አዳለጠኝ፤ ከላይ እስከ ታች ዘይት ነው፣ በሰደፉ ሽቦ መካከል ሳይቀር ይንጠባጠባል። አፍንጫዬን አስጠጋሁ።

«ኑግ ነው?»

«ኑግ ነው እንጂ!» አለ ደረቱን ነፍቶ። «ከሠርጉ ማግሥት አጠጣሁት። ክረምቱንም አልፎ አልፎ ደረብሁለት። ዛሬም ስነሣ በላዩ ጨመርሁ። ሚስቴ ናት በእጇ ወቅጣ ያወጣችው፤ ለወጥ ሳስታ ነው ለእሱ የሰጠችው!»

መምቻውን በአውራ ጣቴ ሳብሁት። መጣ፤ ግን እንደ ቀድሞው አይደለም፣ ከማር ውስጥ እንደሚወጣ ማንኪያ እየተጎተተ ነው። ስለቀው ቀስ ብሎ ወረደ። ድምፅ የለውም። አፈሙዙን ወደ ታች አድርጌ ጥግ ላይ ላቆመው ስል አያ ጎበዜ ከእጄ ወስዶ አቃናው፤ «ሰው ሲመጣ እንዲህ ታሟርቺበታለሽ?» ብሎ ሳቀብኝ። ከጥይቱ የተረፈው ለእያንዳንዱ አፈሙዝ አንዳንድ ነበር። እሱንም በመሐረቡ ጠቅልሎ፣ እንደ ትልቅ ነገር አድርጎ ለአባቴ ሰጣቸው።

እሸት ጠብሼ፣ ዓሣ ሠርቼ አቀረብሁ። እሱ የሠርጉን ጨዋታ ያወራል፤ አባቴ ይስቃሉ። እኔ ዓይኔ ጠመንጃው ላይ ነው። አላስችል ሲለኝ፣ «አባባ፣ መምቻው ከብዷል። ፈትቼ ልጥረገው» አልሁ።

«ምኑ ነው የሚጠረገው?» አለ አያ ጎበዜ። ፈገግታው ጠፋ። «ቆሻሻ ቀብቼ አመጣሁ?»

አባቴ በዓይናቸው ወደ ውጭ ጠሩኝ። እንሥራው አጠገብ ቆመን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እንግዳ ነው። ይዞልን የመጣውን ፊቱ ላይ ጠርገሽ ልትደፊ ነው?»

«ኑግ ይደርቃል፣ አባባ። ውስጡ ተጣብቋል። ባሻ ያሉትን ሰምተዋል።»

«ነገ ሲሄድ ትጠርጊዋለሽ።»

«ጉማሬውስ እሱ እስኪሄድ ይጠብቃል?»

«አንድ ቀን ነው» አሉ። «ወንድሜን በገዛ ቤቴ አላዋርድም።»

አያ ጎበዜ ጠመንጃው ሥር አንጥፎ ተኛ። እጄን ልዘረጋ የምችልበት ቀዳዳ እንኳ አልተወልኝም።

ጎሕ ሳይቀድ ሦስታችንም ማሳው ጥግ ወዳለው ማማ ወጣን። ሐይቁ ላይ ጉም ተኝቷል። ከደንገሉ የረጠበ ጭቃ ሽታ ይመጣል። ከታች፣ በበቆሎው ውስጥ፣ እንደ ወፍጮ ያለ የማኘክ ድምፅ ይሰማል፤ አገዳ ይሰበራል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ይሰበራል። እያንዳንዱ ስብራት ወደ እኔ የሚመጣ ነበር የሚመስለኝ። አባቴ ጠመንጃውን በማማው ርብራብ ላይ አስደግፈውት እጃቸው ጸና። ሁለቱን መምቻዎች በአውራ ጣታቸው፣ ከዚያ በመዳፋቸው ገፍተው ወደ ኋላ አስቀመጧቸው። ፊታቸውን አየሁ። ክብደቱ ተሰምቷቸዋል፤ ጉንጫቸውን ግን ወደ ሰደፉ አስጠጉ።

ሰማዩ ነጣ ሲል ወጣ። እሸት ባፉ ይዞ፣ ጠል ከጀርባው እየተንጠባጠበ፣ በጎዳናው ወደ ውኃው ይወርዳል። ከማማው ሥር ሲደርስ እንኳን አባቴ፣ እኔም አልስተውም ነበር።

አባቴ ቃታውን ሳቡ። መምቻው እንደ ደከመው ሰው ጋደም አለ። ጥፍ። ሁለተኛውን ሳቡ። እሱም ያው ነው።

«ተኩስ እንጂ!» አለ አያ ጎበዜ በሹክሹክታ።

«ተኮስሁ እኮ!»

«አልጮኸም!»

«ለእሱ ንገረው!»

ጉማሬው ቆመ። ያቺን የተቀደደች ጆሮውን ወደ ማማው አዞረ፣ አራገባት፣ ያፉን እሸት ጨረሰ። ከዚያ ጉም ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ውኃው ሲቀበለው ብቻ ሰማን።

 አያ ጎበዜ ጠመንጃውን ከአባቴ እጅ ወስዶ ግራ ቀኝ አገላበጠው፤ አፈሙዙን አሸተተ፤ ራሱን ነቀነቀ።

«ዘይት አንሶት ነው» አለ። «ስመለስ ሌላ ጠርሙስ እልክላችኋለሁ።»

አባቴን አየኋቸው። አሁን ይናገራሉ አልሁ፤ አሁንስ መናገር አለባቸው። ቀስ ብለው ከማማው መውረድ ጀመሩ። መሬት ሲደርሱ፣ ፊታቸውን ወደ ማሳው እንዳደረጉ፣ «እግዜር ይስጥልን፣ ጎበዜ» አሉ።

እሱ ከሰዓት በኋላ ሄደ። ጠመንጃውን ፈትቼ በላምባ ነከርሁት። ቡናማ፣ የሚያጣብቅ ሙጫ ከየቀዳዳው በመርፌ ጫፍ እየጫርሁ አወጣሁ። ጣቴ ቆስሎ ላምባ ሲገባበት እያቃጠለኝ፣ እንባዬም እየወረደ፣ ማንን እንደምሰድብ አላውቅም ነበር። ጠመንጃው ሲገጣጠም ያ ጥርት ያለ ድምፅ ተመለሰ። ጉማሬው ግን መንገድ ቀየረ፤ በዚያ ማማ ሥር አልመጣም። በቆሎውን በሌላ በኩል ገብቶ ጨረሰው። እኛ የሰበሰብነው ለጎታው ወለል እንኳ አልበቃም። አባቴ ስለ ቅጥር ሠራተኛ አላነሡም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ጥር ላይ አያ ጎበዜ ለሌላ ሠርግ መጣ። ጠመንጃውን ወሰደ፤ ከሁለቱ ጥይቶች አንዱን ተኮሰ። ሲመለስ እየሳቀ «ሰማያችን ተሰነጠቀ!» አለኝ። እኔ እንደዚያ አጽድቼው ስለነበረ ነው። ለጉማሬው ያልጮኸች ጥይት ለሙሽራ ጮኸች። ጠመንጃውንም በኑግ ቀብቶ መለሰልኝ።

ተማሪ ቤት የገባሁት ከዚያ ወዲያ ክረምት ሄዶ ክረምት ተተክቶ ነው። አንደኛ ክፍል ስቀመጥ ቁመቴ ከመምህሩ እኩል ነበር፤ ልጆቹ «እናታችን» ይሉኝ ነበር፣ ለቀልድም ለእውነትም። ዘግይቼ ጀመርሁ፤ ዘግይቼ ጨረስሁ፤ በመጨረሻ የአንድ ትምህርት ቤት መጻሕፍት ቤት ጠባቂ ሆንሁ። የተዋሱትን መጽሐፍ ሲመልሱ ገጽ በገጽ እያገላበጥሁ የማሸተው ለምን እንደሆነ ተማሪዎቹ አያውቁም ነበር። አንዱ የተገነጠለውን ገጽ በሊጥ አጣብቆ አምጥቶ «አሳመርሁልዎት» ቢለኝ፣ ወንበሬን ይዤ እስክረጋጋ ድረስ ቆይቻለሁ።

አባቴ ያረፉት የመምህራን ማሠልጠኛ መግቢያ ፈተና በተፈተንሁበት ሰሞን ነው። ጠመንጃውን ያኔም እኔው እወለውለው ነበር። በልማዴ አፈሙዙን ወደ ታች አድርጌ ጥግ ላይ አቁሜው ነበር። ቤቱ በለቃሽ ሞላ፤ ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ። በዚያ ቀን ማንም አላቃናውም። አያ ጎበዜ እንደዚያው እንደ ተዘቀዘቀ አንሥቶ በትከሻው አድርጎ እያለቀሰ ከቤት ወጣ፤ የመጨረሻዋን ጥይት መቃብሩ ላይ ተኮሳት። ሳትንተባተብ ጮኸች። ኋላ መሣሪያ ሲሰበሰብ ጠመንጃውም ሄደ።

የአባቴን ነገር ለመረዳት ሞክሬያለሁ። የወንድማቸውን ፊት ከበቆሎው አስበለጡ። ይህ ለሰው ሲነገር ያምራል፤ እኔም ለሌላ ሰው ታሪክ ቢሆን አጨበጭብ ይሆናል። ነገር ግን በቆሎው ውስጥ እኔ ነበርሁ። በመምቻው ላይ የተሰማቸውን ክብደት እያወቁ ቃታውን ሳቡ፤ ያን ጊዜ እንኳ አንድ ቃል አልወጣቸውም። ይህን አላሳምረውም። ያኔም አልተስማማሁበትም፣ አሁንም አልተስማማሁበትም።

ይህን ስጽፍ የስፌት መኪናው በጋዜጣ ላይ ተበታትኖ፣ ብሎኖቹ በላምባ ሳህን ውስጥ ተኝተዋል። ቅድም በሩ ተንኳኳ። ጫልቱ ናት፤ የልጇን ዩኒፎርም ልታሳጥር ለቅዳሜ መኪናውን ፈልጋለች። በሩን በገላዬ ጋርጄ ቆምሁ።

«ዘይቱ ተስማማው፣ እማማ?»

አፌን ከፈትሁ። ኑግ እንደሚደርቅ፣ ብረት እንደሚያጣብቅ፣ አንዲት ልጅ ለስንት ክረምት ከተማሪ ቤት እንዳስቀረ ልነግራት ነበር። ፊቷን አየሁት። እንደዚያ ደስ ብሏት ቆማለች።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» አልሁ። «ቅዳሜ ነይና ውሰጂው።»

ከዚያ ገበያ ወጥቼ አንድ ሙሉ ብልቃጥ የስፌት መኪና ዘይት ገዛሁ። በመኪናው ሳጥን ውስጥ፣ ስትከፍተው ከሁሉ በፊት በሚታያት ቦታ አስቀምጬዋለሁ። አይታ ትጠቀምበታለች፤ በዚህ እርግጠኛ ነኝ። የቸገረኝ ብልቃጡ ነው። ባዶውን እንደማትመልስልኝ አውቃለሁ።